የፈረቃ አልጋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ዛሬም አንሶላ። ሌላ ምን ይጻፋል? ትልቁ ማድረቂያ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ዋለ፤ ካቦው ሁለቴ በእርግጫ ሲለው ተነሳ። ከሆቴሎቹ የመጣው አለቀ፣ የሆስፒታሉ ለነገ አደረ። ካውያ ላይ ቆሞ መዋል ጉልበት ይጎዳል ይላሉ… ውሸት። ወገብ ነው የሚጨርሰው።

ማታ ስገባ አልጋው ገና አልበረደም። በዚህ ብርድ ቀላል ነገር አይደለም። አልጋዋ የሁለት ሰው ናት። አንዷ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ስታጥብ አድራ ጠዋት ትገባና ቀን ትተኛለች፤ እኔ ቀን አንሶላ ሳጥብ ውዬ ሌሊት እተኛለሁ። ስም አላት፣ ግን ማንም በስሟ አይጠራትም። «የቀኗ» ነች። እኔ «የሌሊቷ» ነኝ። ደረጃ ላይ እንተላለፋለን፣ ደህና ዋይ፣ ደህና እደሪ፣ አለቀ። ትራሳችን አንድ ነው፤ ቀይ ክር የሰፋሁበት ገጽ የኔ፣ ጀርባው የሷ። አንሶላ ግን ለየራስ። ሰው እንዴት በሰው አንሶላ ይተኛል?

መስኮቱ ላይ የቀኗ ወፍራም መጋረጃ በሚስማር መትታበታለች፣ ብርሃን እንቅልፍ እንዳይነሳት። እኔም ብርዱን ስለምፈራ አልነካውም። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

እህቴ ከነልጇ አጠገባችን ባለችው ክፍል ከሌሎች ሴቶች ጋር ናት። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ልታጸዳ ስትሄድ የቀኗ ልጁን ታቅፋው ትተኛለች። ስድስት ወሩ ነው። «ሻለቃ» እንለዋለን፤ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቀኗ ብብት ሥር ሲገባ ግን ጸጥ። እኔ ነኝ ያስማማኋቸው። ጥሩ ሠራሁ።

ሚኒስትሯ ዛሬ መጥታ ኩሽና ውስጥ ስታጉረመርም ነበር። አከራያችን ናት። ቤቱን ለአራት ሰው ብላ ተከራይታ ለኛ አከፋፈለችው፤ ስንት እንደሆንን እኔም ቆጥሬ አላውቅም። እሷም እንደኛው ጥቁር ናት። በዚህ ከተማ ለጥቁር ሌላ የሚያከራይ ስለጠፋ ተሾመችብን። ሕጓ አንድ ነው፦ የውጭ ሰው ከጠየቀ ሁላችንም ብቻችንን ነው የምንተኛው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

የቀኗን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ግድግዳ ይዛ ታስላለች። የአውቶቡስ ሳሙናው ነው አለችኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 26

እሁድ ሁላችንም አለን። ቅዳሜ ሌሊት ጋራዡ ዝግ ስለሆነ የቀኗ፣ እህቴ ክፍል ወለል ላይ አድራ ነበር፤ ጠዋት አየኋት። በብርሃን ሳያት ደነገጥኩ። ቀሚሷ ተሰቅሎ የቀረ ይመስላል፤ ቀበቶዋ ላይ ሌላ ቀዳዳ በስታበታለች። ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል? አልኳት። ሥራ ነዋ! ሰው የወፈረበት ሥራ አለ እንዴ? ብላ ሳቀችብኝ። ስትስቅ ሳሏ ያዛት። እስኪለቃት ድረስ ሻለቃ ጭኗ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ጨዋታ መስሎታል።

ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት። አንድ ሌሊት ከቀረች በማግስቱ ሌላ ሰው ባልዲዋን ይዞ እንደሚገኝ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ባመኝ ጊዜ ቀርቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ሥራ ቦታ ግርግር። መጨረሻው ካውያ ላይ የምትሠራዋ ቀጭኗ ሴትዮ ቲቢ ተገኘባት። ካቦው ወንበር ላይ ወጥቶ ማስታወቂያ አነበበ፦ ረቡዕ ጤና ጣቢያ ምርመራ አለ። ማን ማን? ጥቁሮቹ። ቢሮ ያሉት አይሄዱም፣ ሾፌሮቹ አይሄዱም። ከቀጭኗ ጋር ምሳ የምትበላዋ ፈዛዛ ጸሐፊም አትሄድም፤ ቆዳዋ ጥቁር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ውስጥ የኛ ብርጭቆዎች ለብቻ ተደርድረው አገኘናቸው። በነሱው ጠጣን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ጤና ጣቢያ። ክንዴ ላይ ከቆዳ ሥር ወጉኝና ካበጠ ዓርብ ተመለሺ አሉኝ። ዶክተሩ ወረቀቱን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ በእናንተ ዘር ላይ ይኼ በሽታ በብዙ እጥፍ ይበዛል አለ። ለምን? አልኩት። ጥናቱ እንደዚያ ነው የሚለው፣ አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ጥናት አይሰደብ።

ነርሷ ግን ደህና ሰው ናት። ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች።

«ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚተኙት?» አለችኝ።

«ብቻዬን።»

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ከቀኗ ጋር አንድም ቀን አብረን ተኝተን አናውቅም። የሚያስል ሰው አለ ወይ ስትለኝ ግን… የለም አልኩ። ይኼኛው ውሸት ነው። ሚኒስትሯ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። አልጋውም፣ ደረጃውም፣ እህቴ ከነልጇ ሻንጣ ይዛ መንገድ ላይ ቆማም ታየችኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እርስ በርስ ተጠያየቅን። ሁላችንም ብቻችንን ነው የምንተኛው! በሳቅ ፈረስን። በከተማው ከኛ የሰፋ ቤት ያለው የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

አበጠ። ትልቅ ሳንቲም አክሏል። ራጅ አነሱኝ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው። ነርሷ እንዳስረዳችኝ አልታመምኩም፣ በሽታው ግን ገብቶ ተኝቷል። ለብዙ ወር ክኒን ልውጥ ነው። ከሥራ ቦታ ነው የያዘዎት ብላ መዝግባ ጨረሰች።

ከሥራ ቦታ? ቀጭኗ ያለችው ከአዳራሹ ወዲያ ዳር ነው፣ እኔ ወዲህ ዳር። መካከላችን በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ማራገቢያው ሲጮህ የሚውል ሜዳ ነው። ከሷ ጋር ሰላምታ እንኳ የለንም።

ሌላ ሰው አሰብኩ። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሁድ፣ ኅዳር 10

የቀኗን ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋትና ነገርኳት። ክንዴን አሳየኋት። ብዙ አልተከራከረችኝም። ሁለት ጊዜ ደም ያለበት አክታ እንደተፋች ራሷ ነገረችኝ። ሆዴ ባባ፤ ተናደድኩም። ለምን ዝም አልሽ? አልኳት።

«ካወቁ ጋራዡ ያባርረኛል፣ ሚኒስትሯ አልጋውን ትወስደዋለች። የት ልተኛ ነው? ብርዱ እስኪያልፍ ታገሺኝ።»

ሻለቃስ? እሱን ስጠቅስባት ተቀመጠች። እሱን እንዳልነካ ነው የምትዪኝ? አለች። እኔ እንጃ። እሷ ካልያዘችው እህቴ ሥራዋን ትለቃለች፣ እህቴ ከለቀቀች ቤቱ ይለቀቃል… አንዱን ስትመዢው ሌላው ይከተላል። በመጨረሻ ተስማማን። ብርጭቆዋም ማንኪያዋም ለብቻ ይሁን፣ ልጁን አትሳመው፣ ስታስል ወደ ግድግዳ ትዙር። የቀረውን ለኔ ተይው አልኳት። እጥበት እንደሆነ እንጀራዬ ነው።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ለምን አስጨንቃታለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ የሻለቃን መጠቅለያ በጆንያ ይዤ ሥራ ገባሁ። ከሆስፒታሉ አንሶላ ጋር ቀላቅዬ ትልቁ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ በዘጠና ዲግሪ ምንም ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም። ስንቱን የበሽተኛ አንሶላ አጥቤያለሁ! ሁለቴ አሽከረከርኩት፣ አደረቅኩት፣ በካውያ ረገጥኩት።

ማታ መጋረጃውን መልሼ ቸነከርኩት። የቀኗን ቀኑን ሙሉ ብርሃን ዓይኗን ሲወጋት ዋለ። ክፍሉ የሆቴል ሽታ ሸተተ። ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ለሦስተኛ ጊዜ አጠብኩ። ካቦው አየኝና አግብተሽ ነው ወይ ጥሎሽ የምታጥቢው ብሎ አሾፈብኝ። አዎ አልኩት፣ ቆንጆ ልጅ ነው፣ ጥርስ ግን የለውም።

የቀኗ ሳሏ አልቀነሰም። አልጋው ግን ንጹሕ ነው። ከቤቱ ሁሉ የሚያስመሰግን አልጋ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ሻለቃ ትኩሳት ይዞታል። ጥርስ ነው ትላለች እህቴ። ጥርስ ይሆናል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ጥርስ አይመስለኝም። ጡት አይይዝም፣ የያዘውንም ያስመልሳል። እህቴ ፋርማሲ ሄዳ የትኩሳት ሽሮፕ ገዛች። የቀኗ ጠዋት ደረጃ ላይ፣ ልጁ ጨዋ ሆኖልኛል፣ ትናንት ስተኛ ተኝቶ ስነሳ ተኝቶ ነው ያገኘሁት አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ።

ሥራ ላይ ሁለት አንሶላ አቃጠልኩ። ለነርሷ ልንገራት? ምን ብዬ? ሁሉን አጥቤያለሁ እኮ… ከየት ይመጣል?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 8

ሆስፒታል ሆኜ ነው የምጽፈው። የልጆች ክፍል ኮሪደር፣ ወንበሩ ብረት ነው።

ጠዋት እህቴ ጠራችኝ። እርግብግቢቱ አብጧል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሄዷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ኮት ሳልደርብ ተሸክሜው ሮጥኩ። ራሱን እንደሳተ ከጀርባው በመርፌ ፈሳሽ ቀዱለት። ሐኪሟ ቲቢው ወደ አንጎሉ ሽፋን ወጥቷል አለችን፤ ይተርፋል ወይ ስንላት እናያለን አለች። ፈራሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተጠርታ መጣች። አወቀችኝ።

«ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?»

እህቴ የለም አለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ ሁላችንም የተማርነው መልስ ነው።

«አለች» አልኩ። «ቀን ቀን እኔ አልጋ ላይ የምትተኛ ሴት አለች። ልጁ ከሷ ጋር ነው የሚውለው።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። «ብቻዬን ነው የምተኛው ብለውኝ ነበር።»

«ብቻዬን ነው የምተኛው። ሌሊት።»

ገባት። ወዲያው አይደለም፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እኔ አፌ አላረፈም፤ ማጠቡን ነገርኳት። ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ዘጠና ዲግሪውን። ምን እንድትለኝ ነበር? ጎበዝ እንድትለኝ?

«በጨርቅ አይተላለፍም» አለችኝ። «ስታስል የወጣው አየር ላይ ይቆያል፣ ልጁ ይስበዋል። መስኮቱ ይከፈታል?»

እኔ በእጄ፣ አጥቤና ተኩሼ፣ በአዲስ ሚስማር መልሼ የቸነከርኩት መስኮት። አይከፈትም አልኳት።

ነርሷ ከሄደች በኋላ እህቴ፣ «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጡጦውን ያዢልኝ ብላ ሰጠችኝና ወደ ልጁ ገባች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

የቀኗን ወደ ቲቢ ሆስፒታል ሊወስዷት መኪና መጣ። ነርሷ ከፊት፣ አፍና አፍንጫ የሸፈነ ሰውዬ ከኋላ። ጎረቤት ሁሉ በበር ቀዳዳ። የቀኗ አንሶላዋን አጣጥፋ በፌስታል ያዘች፣ የራሷን ብቻ።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

አየሩ ነው፣ መስኮቱ ነው አልኳት። እኔም አለሁበት አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ሰምታኝ ይሁን አይሁን እንጃ። ሲሻለው ብቻ መልእክት ላኪልኝ አለችና ደረጃውን ወረደች። እስከ ታች ድረስ ሳሏ ይሰማል።

ሚኒስትሯ ማታ መጥታ በአንድ ምላስሽ ስንት ሰው መንገድ ላይ እንደጣልሽ ታውቂያለሽ? አለችኝ። የምትለው እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

አልነቃም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

አልነቃም። ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ። ዛሬ የልጆች ክፍል አንሶላ እኔ ጋ መጣ። የሱም ከዚያ ውስጥ ይኖራል። ለይቼ ላውቀው አልቻልኩም፤ ሁሉንም ተኮስኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20

ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ቤቱን አዩ። በየክፍሉ ጭንቅላታቸውን ያስገባሉ፣ ያወጣሉ። በወሩ መጨረሻ እንድንወጣ ተነገረን። ሚኒስትሯ ስልኳን ዘግታለች። የት ትሄዳላችሁ ያለን የለም።

አውቶቡስ ውስጥ ሰው የጣለው ጋዜጣ አነበብኩ። ስለኛ ሰፈር ነው፤ በጥቁሮቹ ዘንድ ቲቢ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱ ተጠጋግቶ የመኖር ባህላቸው ሳይሆን አይቀርም ይላል። ባህል! አልጋ በፈረቃ መከራየት መቼ ነው ባህል የሆነው? እናቴ ስትሞት ያላወረሰችኝን… አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ተነስቶ ቆመ። ወንበሩ ሰፋኝ። ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

እሁድ፣ ጥር 13

ሻለቃ ጡት ያዘ! ዓይኑን ገልጦ፣ እናቱን አይቶ፣ ያዘ። ሐኪሟ አሁን ሞት አልፎታል አለች። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ለቀኗ መልእክት ላክሁላት። ነርሷ ናት ያደረሰችልኝ። እዚያ ክብደት ጨምራለች፣ ሳሏም ሊጠፋ ነው አሉ። ጋራዡ ወዲያው ነው ሌላ ሰው የቀጠረው። ነርሷ በየቤቱ አሁን ጥያቄዋን እንደቀየረች አጫወተችኝ። ሌሊት ማን ይተኛበታል፣ ቀንስ ማን ይተኛበታል? ትላለች። እና? አልኳት። የፈረቃ አልጋው ብዙ ነው አለችኝ።

እኔና እህቴ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንድ ክፍል አግኝተናል። እህቴ ታናግረኛለች፦ ያዢው፣ አምጪው፣ በሩን ዝጊው። ሌላ ወሬ የለንም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ለሻለቃ ክትትል ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ነበረን። ካቦውን አስፈቅጄ አብሬያቸው ሄድኩ። እህቴ ነይም ቅሪም አላለችኝም።

ልጁ ወፍሯል። ተደግፎ ይቀመጣል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ነርሷ መዘነችው፣ ለካችው፣ ጎበዝ አለችው። ክኒኑን አንድም ቀን አለማቋረጣችንን ስትሰማ እኛንም ጎበዝ አለችን። ከዚያ የኔ ጭን ላይ አስቀመጠችውና የቆርቆሮ ጣሳና ማንኪያ ይዛ ከኋላው ዞረች። አንኳኳች።

ሻለቃ የሸሚዜን ቁልፍ ለመንቀል እየታገለ ነው።

«እሱ እኮ ሻለቃ ነው» አለች እህቴ፣ «ስለጠሩት ብቻ አይዞርም!» ብላ ሳቀች። ወደኔ ዞራ ነው የሳቀችው። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅኩት ዛሬ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ከልቤ።

ነርሷ አልሳቀችም። በሌላው ጆሮው በኩል ዞራ ጠጋ ብላ አንኳኳች። እኔ ደነገጥኩ፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ዘወር አሉ።

«በስሙ ስትጠሩት መቼ ነው መጨረሻ የዞረው?» አለች።

እህቴ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ፣ ኧረ ይዞራል፣ ትናንት እንኳ… አለችና አልጨረሰችውም። እኔን አየችኝ። ትናንት ስጠራው ከፊቱ ሆኜ ነበር። ከትናንት ወዲያም። ሁልጊዜ ከፊቱ ነን።

ለሦስተኛ ጊዜ ስታንኳኳ የጠረጴዛው ብርጭቆ ነዘረ። እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሻለቃ ቁልፉን ነቀለውና ሊያሳያት ወደ እናቱ ዘረጋው።